ጣት ተኩል ትርፍ

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ የአያቴ ጠላት መሆኗን ደረስኩበት። በወሬ አይደለም፤ በዓይኔ ነው ያየኋት። ጠዋት አያቴ ከግቢ እንደወጣ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ጉጠት ይዛ ጓሮ ተንበርክካ፣ ሽማግሌው ትናንት ሙሉ ቀን ሲመታ የዋለውን ሳጥን ምስማር በምስማር ታፈርሰዋለች።

አያቴ የአባቴ አባት ነው። አናጢ ነበር፤ ይህን "ነበር" የሚለውን ቃል ግን በቤታችን ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። በሰፈራችን ካሉት በሮች ግማሾቹን የሰቀላቸው እሱ ነው። የቀሩትን ግማሾች የሰቀላቸው ሰው መታሰር እንዳለበት ያምናል። ዓይኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ መጥቶ፣ እኔ ስወለድ ጋዜጣ ማንበብ ተወ፤ ትምህርት ቤት ስገባ ሰውን በድምፁና በእርምጃው መለየት ጀመረ። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎታል። አያቴ ስለዚያ ሐኪም ሲያወራ የሚያነሳው ግን የምርመራ ክፍሉ በር ሲከፈት ሲጢጥ እንደሚል ብቻ ነበር።

እኔን "ብሎን" እያለ ነው የሚጠራኝ። አጭር ስለሆንኩና ከገባሁበት ነገር ስለማልወጣ ነው ይላል።

አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለነበር በወር ሁለቴ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ የሦስታችን ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል የእሷ የስፌት መኪና፣ የእሷ ጨርቅ፣ የእሷ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ጓሮው ደግሞ የአያቴ ነው፤ መጋዙ፣ መላጊያው፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅደው የማዕዘን መለኪያ ስኳድራው፣ ሁሉም በየምስማሩ ላይ ተሰቅሎ።

የሳጥኖቹ ነገር የመጣው ከሰፈራችን ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ፣ እናቴ ወገቧን እየለካች ሳለ ስለ ግቢያቸው አወራች። ተኝተው የከረሙ፣ እንደገና መቆም የሚለማመዱ ሕሙማን አሉ። ዝም ብለው ቁሙ ሲባሉ ይሰለቻሉ። ስለዚህ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ሰው ቆሞ ካሮትና ሰላጣ የሚተክልበት፣ አፈር የሚሞላ ትልልቅ ሳጥን ቢሠራላቸው፣ ስድስት ያህል...

"ይሠራል" አለ አያቴ ከወዲያኛው ክፍል።

"አባባ፣ ገና እኮ ተናግራ አልጨረሰችም" አለች እናቴ።

"በወር ይደርሳል" አለ አያቴ።

እንጨቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው የሸክላና የሴራሚክ መጋዘን መጣ። እዚያ ዕቃ የሚጫንበት ፓሌትና የተሰባበረ የእንጨት ሳጥን እስከ ጣራ ተከምሮ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ውሰዱልኝ እያለ ሰው ይለምናል። አያቴ ግን እንደ ሙሽራ መራጭ ነበር። እያንዳንዱ ፓሌት ጎኑ ላይ በእሳት የታተመ ምልክት አለው፤ እሱን የማነበው እኔ ነኝ። "ኤች ቲ" ካልኩ በሙቀት የደረቀ ነውና ይገባል። "ኤም ቢ" ካልኩ ነፍሳት እንዳይበሉት በመርዝ የታጠነ ነውና ወደ ማዶ ይመለሳል። "የታመመ ሰው የሚበላው ካሮት ነው፤ መርዝ አናበላም" ይላል። ከዚያ ፓሌቱን ይፈታል፤ የጎበጠውን ምስማር ድንጋይ ላይ አስደግፎ እየመታ ያቃናል፤ ጣውላውን በጣቱ እየዳበሰ በርዝመት ይለያል፤ አራት ቋሚ አቁሞ ዙሪያውን ይመታል።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የመጀመሪያው ሳጥን አንዱ ጎኑ ከሌላው በአንድ ክንድ ይበልጥ ነበር። ግማሹ ምስማር ቋሚውን ስቶ በአየር ላይ ወጥቷል። አንዱ ጣውላ ምንም ሳይነካ እንዴት እንደቆመ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነው ያየሁት፤ አያቴ የሠራው ሳጥን ነው፤ አያቴ የሠራው ደግሞ ልክ ነው።

አክስቴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሶፋው በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ቤት ትኖራለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ያን ጊዜ ይህን የማምነው ከረሜላ ስለምታመጣ ነበር፤ አሁን በሌላ ምክንያት አምናለሁ።

እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ ነበር።

"ጣቱን ቆርጦ ነው የሚያርፈው" አለች አክስቴ። "እኔ ጋ ቢሆን ይቀመጣል። ሬዲዮ አለ። ሰው አለ።"

"አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሠራም! ሰባ አምስት ዓመቱ ነው እኮ። ምንም እንዳይሠራ ነው የምወስደው። ወንድሜም ተስማምቷል፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያስቸገርሽው።"

የስፌት መኪናው ቆመ። የእናቴ እግር ከመርገጫው ላይ ወርዶ ከፊቴ መሬት ላይ አረፈ።

"እትዬ፣ እነዚህን ሳጥኖች ይጨርስ" አለች። "ነርሷ ልትረከብ ስትመጣ አንቺም ነይና እዪ። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ከተንገዳገደ ልብሱን ራሴ አጣጥፌ እሰጥሻለሁ።"

"አንዱ እንኳ?"

"አንዱ እንኳ።"

እኔ ከጠረጴዛ ሥር ነገሩን አሰላሁት። ሳጥን ከተንገዳገደ አያቴ ይወሰዳል። ልብሱን የምታጣጥፈው እናቴ ናት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጉጠት ይዛ ጓሮ አየኋት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሳጥኑ እንዲንገዳገድ እያደረገችው ነው።

አያቴ በየጠዋቱ በትሩን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር ሻይ ይጠጣል። ዓይኑ ሳይደክም የጀመረው ልማድ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። በዚያ ወር ግን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣ ጀመር። የመጋዘኑ ኃላፊ የእናቴ ተባባሪ መሆኑን የሰማሁት አድጌ ነው፤ "አንድ ጨምርልኝና አቆይልኝ" ብላው ነበር። እኔ የምማረው ከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በኩሽናው መስኮት አድፍጬ አያታለሁ።

እናቴ ስለ እንጨት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ስለ ጨርቅ ግን ታውቃለች፤ ስለዚህ ሳጥኑን እንደ ቀሚስ ነበር የያዘችው። አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው የስፌት ሜትር ትለካለች። ጣውላው ላይ በሳሙና ቁራጭ መስመር ታሰምራለች። ከዚያ ጎኑን ከጎኑ ስትገጥም ልክ ለልክ አትገጥመውም፤ በየማዕዘኑ አንዱ ጣውላ ሌላውን ጣት ተኩል አልፎ እንዲወጣ ትተወዋለች። ልብስ ሰፊ ከስፌቱ ውጪ ትርፍ ይተዋል። ሰው ቢወፍር፣ ጨርቁ ታጥቦ ቢገባ ይለቀቃል። ሳጥን አይወፍርም የሚላት ሰው አጠገቧ አልነበረም። ሁሉንም መልሳ መትታ፣ የሳሙናውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች።

መልሳ መምታቷን ማስረጃ ማጥፋት ነው ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ሁለት ሳጥን አልፎ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። ጉጠቱን ሰርቄ ከደብተር ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። በማግስቱ ጓሮውን ዞራ ዞራ ፈለገችው። አጣችው። ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ገባች፤ ትልቁን የጨርቅ መቀሷን ይዛ ወጣች።

ያ መቀስ በቤታችን የተለየ ክብር ነበረው። ወረቀት ልቆርጥበት ብሞክር ጆሮዬ ይቆነጠጣል። ፀጉር አይቆርጥም፣ ገመድ አይቆርጥም፤ ማታ በዘይት ተጠርጎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። እንግዲህ እሱን ጫፉን ምስማር ሥር ሰክታ ወደ ታች ተጫነችው። አንዱ ምስማር ወጣ፤ ሌላው ወጣ። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረና የቀረው መዳፏን ሰነጠቀው።

አልጮኸችም። እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተቀመጠች። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ "እሰይ፣ እግዜር አያት" አልኩ። ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴን ያቃጥለኛል። የዚያን ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ የደንብ ልብስ ተቀብላ ነበር፤ በአንድ እጅ ሰፍታ አስረከበችው።

ከሰዓት በኋላ አያቴ ጓሮ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ቤት አዘነበለ።

"መኪናው ዛሬ ለምን ያነክሳል?" አለ።

"መርፌ ወግቶኝ ነው አባባ" አለች እናቴ ከውስጥ።

"መርፌ" አለ አያቴ።

ቅዳሜ ነበር፤ ትምህርት የለም። ውጪ ለብቻችን ስንቀር አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። እማዬ ጠላትህ ናት አልኩት። ጠዋት ጠዋት ሳጥኖችህን ታፈርሳለች። እንዲንገዳገዱ ነው፤ ከዚያ አክስቴ ትወስድሃለች። ጉጠቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በመቀስ አፈረሰች፤ እጇን የቆረጣት እሱ ነው። እግዜር ነው አልኩት።

አያቴ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ። ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ሳጥን ሄደ። ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች አወረደ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ፣ ያ ጣት ተኩል ትርፍ ላይ፣ ቆመ። ወደፊት ዳበሰው፣ ወደ ኋላ ዳበሰው። ወደ ሌላው ማዕዘን ሄደ። እዚያም አለ። አራቱንም ዞረ። ከዚያ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም።

"ስንቱን አፍርሳለች?" አለኝ።

"ሁሉንም። ሦስቱንም።"

"ሁሉንም" አለና ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ቆመ። ፊቱን አየሁት፤ የተናደደ ሰው አይመስልም። ምን እንደሚመስል ግን ቃሉ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው ሙያ ከእጁ መውጣቱን የዚያን ደቂቃ ነው የሰማው፤ የነገርኩትም እኔ ነኝ።

"ብሎን" አለ ቆይቶ። "ጉጠቱን የተሰቀለበት ቦታ መልሺው።"

"ለጠላት?"

"ለጠላትም ቢሆን መሣሪያ አይደበቅም። ሰው ይጎዳል።"

"ለእማዬ አትነግራትም?"

"አልነግራትም። አንቺም አትነግሪያትም። ማወቄን ካወቀች ጨዋታው ይበላሻል።" ከዚያ እጁን ዘርግቶ አናቴን ፈልጎ አገኘው። "ማይልኝ።"

ማልኩ። አያቴ ወጥመድ ሊያዘጋጅላት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያን ቀን በኋላ ግን የአያቴ ሥራ ወደቀ። አራተኛውን ሳጥን ሲመታ አጠገቡ ነበርኩ። ምስማሩ ይገባ ይገባና፣ ራሱ ጣውላው ላይ ሊያርፍ የአንድ እህል ያህል ሲቀረው መምታቱን ያቆማል። ወደሚቀጥለው ያልፋል። እሱም እንደዚያው። የሳጥኑ ገጽታ ሁሉ ብቅ ብቅ ባለ የምስማር ራስ ተሞላ። "አባባ አልገባም እኮ" ስለው "ይበቃዋል" ይለኛል። አምስተኛውም እንደዚያ፣ ስድስተኛውም። ጉልበቱ አለቀ ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት የልብስ ማስጫ ሽቦው ተበጥሶ፣ አያቴ የመዳፍ ርዝመት ያለው ምስማር በሦስት ምት ግንድ ውስጥ እስከ ራሱ ሲቀብረው አይቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አልመጣልኝም።

ሻዩም አራት ብርጭቆ ደረሰ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሥራውን ማን እንደሚሠራለት እንጃ።

የርክክቡ ቀን አክስቴ በጠዋት መጣች። ከረሜላም ይዛ ነበር፤ የአያቴን ልብስ መያዣ ባዶ ሻንጣም ይዛ ነበር። ስድስቱ ሳጥኖች ጓሮ ተደርድረው፣ ውስጣቸው እናቴ በሰፋችው ከረጢት ተለብጦ፣ ሥራቸው ውሃ እንዲወርድ ተበስቶ ቆመዋል። ነርሷ የክሊኒኩን ዘበኛ ይዛ መጥታለች። ዘበኛው ቁመቱም ውፍረቱም የታደለ ሰው ነው፤ ነርሷ "እስቲ ውጣበት" አለችው። ወጣ። ዘለለ። ወደ ሁለተኛው አለፈ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በጨርቅ የታሰረ እጇን በሌላው እጇ ጨብጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሳጥኑ እንዲወድቅ እየጸለየች ነው ብዬ አፍጥጬ አየኋት።

ስድስተኛው ላይ ዘበኛው ትንሽ ስላላበው ተቀመጠበት። አንዱም አልተንገዳገደም። እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ፣ አያቴ የሠራው ሳጥን ጠላት ቢያፈርሰውም የማይፈርስ ነው የሚል ነበር።

አክስቴ ግን የአናጢ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ማዕዘኑን አየች፤ በጥፍሯ ነካችው።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድነው? ጣውላው አልፎ ወጥቷል እኮ። ሁሉም ጋ።"

እናቴ ደርቃ ቀረች። እኔ አፌን ከፈትኩ። "እሱ የእማዬ ነው" ልል ነበር፤ ከሳሽ ልሆን። የአያቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈና እንደ ጉጠት ጨበጠኝ።

"ትርፍ ነው" አለ አያቴ።

"የምን ትርፍ?"

"እንጨት አፈርና ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይገባል። ትርፍ ካልተወሽለት ይሰነጠቃል። ድሮ አላውቅም ነበር። በስተርጅና ነው የተማርኩት።"

ሃምሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ጸጉር ልዩነት ሰው ሲሰድብ የኖረ አናጢ፣ ሴት ልጁ ፊት ቆሞ ይህን ተናገረ። ማንም አናጢ ቢሰማው ሆዱን ይዞ ይስቅበት ነበር። አክስቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እናቴን አየች፤ ከዚያ ሻንጣዋን ከግድግዳው ሥር አነሳች።

"ይቆይ" አለች ለእናቴ። "ግን መጋዙን ደብቂበት።"

ከዚያ በኋላ አያቴ አምስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረ። የወንበር እግር፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ለጎረቤት ዶሮ ቤት ሠራ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጓሮ መውጣቷን አልተወችም። እኔም እሷን ጠላት ማለቴን መች እንደተውኩ አላስታውስም፤ እንዲሁ ሲያድጉ እንደሚተው ነገር ተውኩት። የሞተው በገዛ አልጋው ላይ፣ እናቴ ትራሱን ስታስተካክልለት ነው።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ክረምት ክሊኒኩ ሲታደስ ሳጥኖቹ በስብሰው ሊጣሉ ነው ሲባል ሰማንና፣ ሁለታችን ተቀምጠን ስለ አያቴ አወራን።

"ምስኪን" አለች። "መጨረሻ ላይ ክንዱ ከዳው እኮ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳጥኖች ስሠራ ምስማሩ አልነቀል ብሎኝ ነፍሴ ልትወጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ሁሉም ምስማር ብቅ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ፤ በጉጠት ነካ ሳደርገው ይመጣል። አባባ መምታት አቃተው ብዬ አለቀስኩ፤ ሥራው ስለቀለለኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ንስሐ ገብቻለሁ።"

መሐላዬ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ያስማለኝ ሰው ደግሞ የለም። ነገርኳት። ቅዳሜውን፣ ማዕዘኑን ሲዳብስ፣ ጉጠቱን መልሺ ማለቱን፣ በሦስት ምት ግንድ ውስጥ የቀበረውን ምስማር። ጉጠቱን የደበቅኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳት፤ እሱን የሰማችው አልመሰለኝም።

መዳፏን ገልብጣ አየች።

"ያውቅ ነበር" አለች።

"ያውቅ ነበር።"

"አምስት ዓመት ሙሉ?"

"አምስት ዓመት ሙሉ።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጣ።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"ቢነግርሽ ትተይው ነበር?"

"አልተወውም ነበር!" አለች። "ግን ያን ሁሉ ጣውላ ብቻዬን በጉልበቴ ደግፌ ነው የመታሁት። አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ቢይዝልኝ እኮ ቀላል ነበር። ዓይን ምን ይሠራለታል? መያዝ ብቻ ነው። ይይዝልኝ ነበር።"